መኪናን ከወለሉ የሚያውቀው ሻፊ

ስለ ሻፊ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እቀናበታለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ወንድሜ ማለት ነው» እላለሁ፤ አልዋሸሁም፣ ልጆቻችንን ያሳደግነው አብረን ነው። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስሙን በበጎ ባነሳ ቁጥር ቆሽቴ እያረረ፣ ጥርስ ባዳ ነውና እየሳቅሁ ኖሬያለሁ። ይህን ደብቄ ስለ እሱ ባወራ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል።

እኔ ጀቤሳ እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ባቲላሜራ ነኝ፤ የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ እየደበደብኩ አቀናለሁ። አባቴ እዚሁ ገበሬ ነበር፣ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ሰው ልብስ ያሰጣል። ሻፊ ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቱ ከስልጤ መጥቶ ቃሊቲ መናኸሪያ ማስቲካና ሶፍት ሲያዞር ነው ያደገው። ረዳት ሆነ፣ ሹፌር ሆነ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሚኒባስ ነዳ። አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ከጋራዤ ፊት ለፊት፣ ሚስቱ ሐጀራ በከፈተችው የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ይውላል።

ተቀምጦ ይውላል ስላችሁ ሥራ ፈት እንዳይመስላችሁ። ከዱከም፣ ከሳሪስ፣ አንዳንዴም ከቢሾፍቱ ድረስ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጥቶ «ሻፊ የለም?» ይላል። እኔ መዶሻዬን ይዤ እዚያው ቆሜ እያለሁ! ተገልብጦ የተጠገነ መኪና ከቀለሙ የማውቅ ሰውዬ፣ በር ሲዘጋ ድምፁን ሰምቼ የትኛው ጎኑ እንደተመታ የምናገር ሰውዬ ቆሜ እያለሁ፣ ሻፊ የለም ይሉኛል። እኔም በአገጬ ወደ ሱቁ አሳያቸዋለሁ።

አመራረጡ እንደማንም አይደለም። ሌላው ሰው ኮፈን ይከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ጎማ በእግሩ ይመታል። ሻፊ ሞተሩን ለሌላ ይተወዋል። «ባዶ መኪና ውሸታም ነው» ይልና መኪናው ወደፊት የሚሸከመውን ያህል ክብደት አሸዋ በማዳበሪያ አስሞልቶ ያስጭናል። ከዚያ ጫማውን ያወልቃል፣ ከኋላ ይገባል፣ ወለሉ ላይ በጀርባው ይተኛና ዓይኑን ጨፍኖ «ንዱ» ይላል። ሌላ ሰው ይነዳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተሽከርክረው ሲመለሱ ጀርባው አቧራ ለብሶ ይወጣና «ግዛው» ወይም «ተወው» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ለምን ሲሉት «ሹፌር እኮ መሪ ይዟል፤ እሱን ምን ይነካዋል? መኪናን የሚያውቀው ከኋላ ያለው ነው» ይላቸዋል።

አንድ እሑድ ማንም ሳያየኝ እኔም ሞክሬዋለሁ። የእህቴን ልጅ አስነድቼ የአንድ ደንበኛ ሚኒባስ ወለል ላይ ተኛሁ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ሐሳብ ሳይመጣልኝ ቱሉ ዲምቱ ሳንደርስ ወርጄ አስታወክሁ።

ይህን ከየት ተማረው ብትሉኝ አውቃለሁ፤ አብሬው ነበርኩ። ሁለታችንም የጋሼ ዱሬሳ ረዳቶች ነበርን። ጋሼ ዱሬሳ በዚያን ጊዜ ከአቃቂ እስከ ጅቡቲ ስማቸው የሚጠራ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። እኔ ቀድሜ ገባሁ፣ ሻፊ በዓመቱ መጣ። እኔ ጋቢና ውስጥ፣ ከእሳቸው አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ሲቆሙ ወርጄ ጎማው ስር ታኮ አደርጋለሁ። ሻፊ ተሳቢው ላይ ከጭነቱ ጋር ተኝቶ ነው የሚሄደው። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ «ጋሼ፣ የኋላው ግራ ጎማ ንፋሱ ቀንሷል» ይላል። ስንለካው ቀንሷል። «ጋሼ፣ አንዱ ባሌስትራ ተሰንጥቋል» ይላል። ጎንበስ ብለን ጭነቱን የሚሸከመውን ብረት ስናይ ተሰንጥቋል። ጋሼም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስቃሉ፤ እንዲያ ሲስቁለት ሳይ ምሳዬ አልዋጥልህ ይለኝ ነበር።

በእኛ ጊዜ አንድ ልማድ ነበር። ረዳት መሪ የሚሰጠው ከአዋሽ በኋላ ባለው ሜዳ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ረዳት አይለምንም፣ ሹፌርም ቀጠሮ አይሰጥም፤ አንድ ቀን ዳር ይዞ ያቆምና ወርዶ በሌላው በር ይዞራል። ያኔ ረዳቱ ሰው ሆነ ማለት ነው። አንድ ጠዋት ጋሼ አቆሙ፣ ወረዱ፣ በእኔ በኩል ዞሩ። አንድ እግሬን አሻግሬ ወደ መሪው መንሸራተት ጀምሬያለሁ። በሩን ከፍተው «ጀቤሳ፣ ውረድና ሻፊን ጥራው» አሉኝ።

ሻፊ ነዳ። ጋሼ ከእኔና ከእሱ መሀል ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ያውም እያንኮራፉ። ለእኔ «ነገ» አሉኝ። ያ ነገ ስምንት ወር ሙሉ ነገ ሆኖ ቆየ። አንድ ቀን ናዝሬት ላይ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወረድኩና በአውቶቡስ አቃቂ ገባሁ፤ ባቲላሜራ የሆንኩት በዚያ ንዴት ነው። መንጃ ፈቃዴን በትምህርት ቤት ነው ያወጣሁት። ከሃያ ዓመት በላይ ስነዳ አንድ ሰው፣ አንድ ዶሮ አልነካሁም። ግን ጋሼ ዱሬሳ መሪ አልሰጡኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸው ይጎተታል፤ አእምሯቸው ግን ያው ነው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጠጄ ጋር የሚኖሩት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ እኔና ሻፊ ወንበር ላይ አስቀምጠን እናወርዳቸዋለን፣ ስንመለስ እናወጣቸዋለን። ሻፊ በዚያ ጉልበቱ! ቀጠሮ በሌለ ጊዜ መስኮት ዳር ተቀምጠው ወደ ናዝሬት የሚወርዱትን ከባድ መኪናዎች ሲቆጥሩ ይውላሉ።

አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ስናስቀምጣቸው «ይህን ያህል ተሰቃይታችሁ ለሁለት ሰዓት?» አሉ። «አንዴ ከወረድኩ አይቀር ወር ልቆይ።» በቀልድ ነበር የተናገሩት፤ እትዬ ጠጄ ግን ቀልድ አላደረጉትም። ተሳቢው የተሸጠበት ገንዘብ ነበራቸውና አልጋ ያለው፣ ውሃ ያለው፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው መኪና ይሠራልን አሉ። ከሆቴል ሆቴል ደረጃ ለደረጃ ከመንገላታት መኪናው ራሱ ቤት ይሁንና አዋሽን፣ ድሬዳዋን ዳግመኛ ይዩ ነው ሐሳባቸው።

እትዬ ጠጄ ጋራዤ መጡ። ወደ እኔ ጋራዥ ነው የመጡት። የዘይት ጨርቅ ከወንበር ላይ አንስቼ አስቀመጥኳቸው። «አልጋውንም፣ መታጠቢያውንም፣ ሁሉንም አንተ ነህ የምትሠራው ልጄ» አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥለው «መኪናውን ግን ሻፊ ይምረጥ» አሉ። የያዝኩት መዶሻ ያን ጊዜ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ መያዝ አልችልም» አሉ ቃል በቃል እየጎተቱ። «መታጠፊያ ላይ እንደ ድንች ጆንያ የሚያንከባልለኝ መኪና አልፈልግም። ከሚያንከባልለኝ እዚሁ መስኮቴ ስር ልሙት።» ማን ይንዳዎት ብንላቸው «መኪናው ይመረጥ፤ ሹፌሩን ያኔ እናገራለሁ» አሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ ናት። የመረጥኩት መኪና ከተገዛ መሪውም ለእኔ እንደሚሆን አንድ ነገር ሹክ ይለኝ ጀመር። ሻፊ የመረጠው ከሆነ ደግሞ በዚያ ጉልበቱም ቢሆን ለሻፊ ነው።

ቃሊቲ አንድ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ግቢ ውስጥ ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ሃይሩፍ ነው። ሌላው ነጭ የጭነት ቫን፤ ረዘም፣ ዝቅ ያለ፣ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ። እትዬ ጠጄ ሃይሩፉን ወደዱት፤ ቆመው ጋሼን ሊያጥቡበት። ሁለቱንም በእጄ ዳስሼ ዞርኳቸው፤ የተገለበጠ የለባቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ነጩ እንደሚሻል ገና ሳየው አውቄያለሁ። ወለሉ ለአስፋልቱ የቀረበ መኪና አያጋድልም፤ እግሩ የተራራቀም ጉድጓድ ላይ አይዘልም። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ሻፊ ቀድሞኝ ነጩን አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። በቃ፤ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ነጩ ጠላቴ ሆነ።

«ሃይሩፉ ነው የሚሻለው» አልኩ። «እትዬ ጠጄ በዚህ ዕድሜያቸው ጎንበስ ቀና ሲሉ ወገባቸው ይቆረጥ?»

ሻፊ ሳቅ አለና «ጀቤ፣ አንጣላም፤ ይፈተናሉ» አለ።

ሻጩ የጋራዤን ፒካፕ መያዣ አድርጎ ሁለቱንም ለአንድ ጠዋት ሰጠን። ሐጀራ ሱቅ ፊት ለፊት አሸዋ በማዳበሪያ ጫንን፤ ለአልጋው ይህን ያህል፣ ለምድጃው ይህን ያህል፣ ለውሃው ደግሞ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች። ሻፊ ጫማውን አወለቀና አንድ ከዚህ በፊት አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ። ሐጀራን «ሻሽሽን ስጪኝ» አላት፣ ግራ እጁንም ከጎኑ ጋር አስጠፍሮ አሳሰረ፤ ግራ እግሩንም ከቀኙ ጋር በገመድ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለችው ሐጀራ።

«ጋሼ ግራ እጅና እግራቸው አይዝላቸውም። እኔ እየያዝኩ ብተኛ ምኑን ፈተንኩት?»

«ማን ሊነዳ ነው ታዲያ?»

«ጀቤሳ ነዋ! እዚህ ሰፈር ከእሱ የተሻለ ማን ይነዳል?»

የሻፊ ክፋቱ ይኸው ነው። ሊሰድበኝ ቢሞክር እኮ እገላገል ነበር። ያመሰግነኛል፤ ያውም በሰው ፊት፣ ያውም ከልቡ። በምስጋናው ደግሞ ይበልጥ እቃጠላለሁ።

መጀመሪያ ሃይሩፉን ነዳሁ። አራስ የጫንኩ ያህል ነው የነዳሁት። ጉብታ ሳይ ከሩቁ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ አደባባዩን በእግረኛ ፍጥነት ዞርኩት፤ ከኋላዬ የነበረ የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ወይ ንዱት ወይ ይግፉት!» ብሎኝ አለፈ። ዋናው መንገድ ላይ ጭነት የያዘ ተሳቢ ሲቀድመኝ ንፋሱ ሃይሩፉን ገፋው፤ መሪው በእጄ ላይ ሸሸ፣ ቀስ ብዬ መለስኩት። ከኋላ አንድ ነገር ሲንሸራተትና ሻፊ «እህ» ሲል ሰማሁ። ኮብልስቶኑ ላይ በአሥር ፍጥነት እየሄድኩ እንኳ ጣሪያው ከግራ ቀኝ ይጨፍር ነበር። አልሰማሁም፣ አላየሁም አልኩ ለራሴ።

ስንመለስ ሻፊን ከእነ ማሰሪያው ደግፈን ነጩ ውስጥ አስተኛነው፣ አሸዋውንም አዛወርን።

ነጩን ይዤ ስወጣ ምን እንደማደርግ አስቤበት አልነበረም፤ ይህን ማንም አያምነኝም፣ ግን እውነቴን ነው። መሪውን ያዝኩት። ይታዘዛል። ጣት ስትነካው ይዞራል፣ ስትለቀው ይመለሳል። እንዴት ያለ መኪና ነው! ሻፊ ደግሞ ገና በሩቁ አይቶ አወቀው። ደሜ ፈላ። አደባባዩን በሦስተኛ ማርሽ ጠመዘዝኩት። ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ጉብታዎቹን አንድም ሳልቀንስ ዘለልኳቸው። ከኋላ አሸዋው ይንሸራተታል፣ ጀሪካኖቹ ይጋጫሉ፤ የሻፊ ድምፅ ግን የለም። ድምፅ አለማሰማቱ ይበልጥ አናደደኝ። በየቀኑ የማየው ጉድጓድ አለ፣ ከገላን መታጠፊያው ዝቅ ብሎ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሸሸው ነው የሚያልፈው። ግራ ጎማውን ቀጥ አድርጌ ከተትኩበት። የሰው ራስ ብረት ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ዳር ይዤ አቆምኩና የኋላውን በር ከፈትኩ። ሻፊ እንደተኛ ነው። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ በጆሮው በኩል ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ግራ እጁ ታስሯል፣ ቀኙን ከአሸዋው ስር ማውጣት አቅቶታል።

«ፍታኝ» አለኝ።

ቋጠሮው ጠብቋል። ከቋጠሮው ጋር ስታገል ፊቴ ከፊቱ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ጉድጓዱ አልታየህም?» አለኝ።

«አልታየኝም።»

«ይሄ ጉድጓድ?»

«ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነው።»

የክረምት ቀን ነበር፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነው። ሻፊ በበሩ አሻግሮ ቀና ብሎ አየው፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ሻሹን ከእጄ ተቀበለኝና ቅንድቡ ላይ ጫን አድርጎ ያዘው።

በዚያው ጋሼ ዘንድ ወጣን። ሻፊ ሦስቱን ፎቅ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ቅንድቡ ላይ አድርጎ ወጣ። እኔ ከኋላው ነኝ። ሁሉን ሊነግራቸው ነው አልኩ በልቤ፤ ደረጃው አላልቅ አለኝ። መሪው ቀረብኝ፤ መሪው ብቻ ቢሆን ደህና፣ ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት በር ላይ አልቆምም። እትዬ ጠጄ ደሙን ሲያዩ «ኡ!» አሉ። «መኪና ውስጥ ነው፤ ትንሽ ናት» አላቸው ሻፊ።

ጋሼ ከመስኮታቸው ዞረው «ንገሩኝ» አሉ።

ፈጥኜ እኔ ጀመርኩ። ስለ ሃይሩፉ አወራሁ፤ ስለ ጣሪያው ከፍታ፣ ስለ እትዬ ጠጄ ወገብ፣ ስለ አካሄዱ ልስላሴ። ሰው ሲዋሽ እንዴት ቃል እንደሚበዛለት! ስጨርስ ጋሼ ዓይናቸውን ወደ ሻፊ መለሱ።

«ጀቤሳ ሃይሩፉን እንደ እንቁላል ነው የነዳው» አለ ሻፊ። «እንዲያም ሆኖ ተንከባለልኩ። ተሳቢ ሲያልፈን ከዚህኛው ግድግዳ እዚያኛው ደረስኩ። ነጩን ግን የሹፌር ክፋት የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ፈተነው። ፍሬኑንም፣ ጉብታውንም፣ ጉድጓዱንም። ወላሂ ጋሼ፣ በዚያ ሁሉ ወለሉ አልለቀቀኝም። አንዴ ብቻ ነው የመታኝ፤ እሱም ትራስ ቢኖረኝ አይነካኝም ነበር። ጀቤሳ እንዲያ ባይነዳው ኖሮ ይህን ያህል አላውቀውም ነበር።»

«ጉድጓድ ውስጥ... ሆን ብሎ?» አሉ ጋሼ።

«ሆን ብሎ ነው። እኔ ነኝ ክተትበት ያልኩት።»

ጋሼ አርባ ዓመት መሪ የያዙ ሰው ናቸው። ሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ እያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚከት ፈተና እንደሌለ ከእሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል? ደህናዋን ዓይናቸውን እኔ ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ወለሉን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ፣ እንደገና ወለሉን አየሁ።

«ነጩ ይገዛ» አሉ በመጨረሻ። «ጀቤሳ ይነዳል።»

ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ደስታዬ ግን ገና ሳይመጣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው በጣታቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። «እኔ ስተኛ ሻፊ አጠገቤ ይተኛል» አሉኝ። «ወለሉ ላይ። ሁልጊዜ።» ጉድጓዱ እንደገባቸው ያኔ አወቅሁ።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። አልጋውን ከወለሉ አንድ ጋት ብቻ ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ተኝተው መንገዱን እንዲያዩ መስኮቱን በጎናቸው ልክ ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩ፤ እትዬ ጠጄ ተቀምጠው እንዲያጥቧቸው የሚዞር ወንበር ገጠምኩላቸው። ሻፊ ቅንድቡ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ወንበሩን ጋራዤ በር ላይ አምጥቶ ይውላል፤ «ይሄ ጠርዝ ክንዳቸውን ይነካል፣ ሞርደው» ይለኛል፤ እሞርደዋለሁ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ «ሻፊ፣ ያን ቀን እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። «የቱን ቀን?» አለኝ። እያወቀ ነው። «ያን ሚስማር አቀብለኝ» ብሎ ወሬውን አስለወጠኝ። ይቅርታ የመጠየቅ እንኳ ዕድል ነፈገኝ ብዬ በዚህም ተናደድኩበት። ይኸውላችሁ፣ ቅናት ካደረበት ሰው ጋር መኖር እንዲህ ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ወርዶ እያየን ጋሼን በወንበር አወረድናቸው። እትዬ ጠጄ ከፊት ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ጋሼ አልጋቸው ላይ፣ ሻፊ ከአልጋው ጎን ወለሉ ላይ በፍራሽ ተኛ። ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ናዝሬትን አለፍን። ነጩ እንደ ክር ይሄዳል። ከባድ መኪና ሲያልፈን ንፋሱ አይሰማውም፤ መታጠፊያ ላይ መስኮቱ ዳር ያስቀመጥኩት የውሃ ኮዳ ከቦታው አልተነቃነቀም። አዋሽ አድረን በማግስቱ ማለዳ ወደ ሜዳው ስንወጣ መሪው በእጄ ነው፤ ከጎኔም ሆኖ «ነገ» የሚለኝ የለም።

ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ጋሼ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ሻፊ አንድ ነገር ይላል፣ እሳቸው ይስቃሉ፤ በሞተሩ ድምፅ ምክንያት ወሬው አይደርሰኝም።

«ምን አላችሁ?» ብዬ ጮህኩ።

«መንገዱን እይ!» አሉኝ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

በመስታወቱ አየኋቸው። ለሻፊ ብዬ፣ ምናልባት መኪናው ቢንገጫገጭ እንዲይዘው፣ በራስጌው በኩል አንድ ወፍራም ብረት በይጄለት ነበር። አልያዘውም። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጠባሳ የቀረበትን ቅንድቡን ወደ ጋሼ አዙሮ፣ እኔ በምነዳው መኪና ወለል ላይ ዘና ብሎ ተኝቷል። ሠላሳ ዓመት የተመኘሁትን መሪ ጨብጬ በእሱ ቀናሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ያን ብረት መዳፌ እስኪላጥ ድረስ እይዘው ነበር።